ቢሊዮን ሊንክ በአንድ ላፕቶፕ ራም፦ የድር ግራፍ እንዴት ይታመቃል?

የድር ግራፍ ማለት እያንዳንዱን ገጽ ነጥብ፣ እያንዳንዱን ሊንክ ደግሞ ቀስት አድርጎ የሚይዝ ካርታ ነው። ጉግልን ያስነሳው፣ የገጾችን ተፈላጊነት ከሊንኮቻቸው የሚለካው ፔጅራንክም የሚሰላው በዚሁ ላይ ነው። ችግሩ ስፋቱ ነው። ለአንድ ሊንክ 32 ቢት (ቢት 0 ወይም 1 ብቻ የሚይዝ ትንሹ የመረጃ መለኪያ ነው) ከተያዘ 1 ቢሊዮን ሊንክ 4 ጊጋባይት ይበላል። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ 8 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ፈጣን ማኅደረ ትውስታ) ባለው ላፕቶፕ ለሚሠራ ተማሪ ግማሹ እዚያው አለቀ ማለት ነው። ዲስክ ላይ ይቀመጥ እንዳይባል፣ ዲስክ ከራም በጣም ይዘገያል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ከገጽ ገጽ ሲዘል ስለሚውል ሥራው ይንቀረፈፋል።

ደግነቱ ሊንክ በዘፈቀደ አይበተንም። ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል ድረ ገጽ አለው እንበል። ክፍሎች፣ ምግብ ቤት፣ የዘጌ ጀልባ ጉዞ፣ አድራሻ፤ ይሄው ሜኑ ሁሉም ገጽ ላይ አለ። አድራሻዎቹን በፊደል ተራ ደርድረን ቁጥር ብንሰጣቸው የሆቴሉ ገጾች ጎን ለጎን ይውላሉ። አንዱ ገጽ ወደ 5001፣ 5002፣ 5003፣ 5004 እና 5009 የሚወስድ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን «ከ5001 ጀምሮ 4» ብሎ መያዝ ይበቃል፤ ለቀሪው ከ5004 ያለውን ልዩነት ብቻ፣ 5 ብሎ። ትንሽ ቁጥር ደግሞ ጥቂት ቢት ነው የሚፈልገው። ቀጣዩ ገጽማ ጭራሽ ይቀላል፦ «ከላይኛው ቅዳ፣ 5009ን ተው፣ 5012ን ጨምር»። የሱቅ ዱቤ ደብተር ላይ «እንደ ላይኛው» እንደሚባለው ማለት ነው። ግን አንዱ ከሌላው እየቀዳ ሰንሰለቱ ከረዘመ ማንበቡ ይዘገያል፣ ስለዚህ ርዝመቱ ይገደባል።

ይህን መንገድ በሰፊው ያስተዋወቀው የሚላን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ፓኦሎ ቦልዲና ሴባስቲያኖ ቪኛ በ2004 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዌብግራፍ የተባለ ፕሮግራም ነው። 118 ሚሊዮን ገጾችና 1 ቢሊዮን ገደማ ሊንኮች ያሉትን ስብስብ ለአንድ ሊንክ ወደ 3 ቢት አወረዱት። ከ400 ሜጋባይት በታች መሆኑ ነው! እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሙሉው ሳይፈታ የፈለጉትን ገጽ ሊንኮች ብቻ አውጥቶ ማንበብ መቻሉ ነው።

እንደ ፌስቡክ ባለ ማኅበራዊ ትስስር ላይ ግን የፊደል ተራ አይሠራም፤ የሰው መለያ ቁጥር ስለ ጓደኞቹ ምንም አይናገርም። ለዚህ ሲባል ተቀራራቢዎችን እየፈለገ አዲስ ተራ የሚያወጣ ዘዴ በ2011 መጣ። በዚያው ዓመት የ721 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ግራፍ በእነዚሁ መሣሪያዎች ተጠንቶ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው አማካይ ርቀት 4.74 የጓደኝነት እርምጃ ሆኖ ተገኘ።

ዌብግራፍ በነፃ ይገኛል። የአማርኛ ገጾች እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ ማጥናት ለሚፈልግ የባሕር ዳር ልጅ ትልቅ ሰርቨር የግድ አይደለም። ሊንኮቹን ሲሰበስብ ግን የየገጹን ሙሉ አድራሻ አብሮ ያስቀምጥ፤ ተራው የሚወጣው ከእሱ ነው።