ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ በጎጃም

ጽዋ ማኅበር በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ በየቤቱ ተራ የሚዘከር ነው፤ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም። ሰንበቴ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይበላል ይጠጣል። ማኅበርተኛው ብዙ ጊዜ 12 ነው። በሐዋርያት ቁጥር ነው ይባላል፤ ለጎተራም ይበጃል፣ አንድ ቤት በዓመት አንዴ ብቻ ይደግሳልና።

ባለተራዋ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድማ ጌሾ ትጠነስሳለች። ጥንስሱ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ብቅልና ቂጣ ይገባበታል፤ ከዚያ እንኩሮው ተጨምሮ ይደፈደፋል፣ በመጨረሻ በውኃ ይቀጥንና የጋኑ አፍ ይመረጋል። ቸኩለው የከፈቱት ጠላ ጉሽ ነው፤ የዘገየው ይኮመጥጣል።

በዕለቱ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይቆርሳል፣ ጽዋውም ይዞራል። ቂም የያዘ አይቀምስም፤ መጀመሪያ ሙሴው (የማኅበሩ መሪ) ያስታርቀዋል። ማብቂያው ላይ ጽዋው ለመጪው ተረኛ ይሰጣል። ለቆሎ ተማሪውና ለነዳያን ከመሶቡ ቀድሞ ቢነሣላቸው ይሻላል፤ ትራፊ መስጠት ዝክሩን ያቀለዋል።

ማኅበርን ከጠብ ይልቅ ድግስ ያፈርሰዋል። አንዱ በግ ያርዳል፣ ቀጣዩ ቢራ ይጨምራል፣ ባል የሞተባት ተበድራ ትደግሳለች፣ በዓመቱ «አመመኝ» ብላ ትቀራለች። መፍትሔው ዳቦ፣ ጠላና አንድ ወጥ ብሎ ቃል ማሰር ነው፤ አቅም ያነሳቸውን ሁለት ቤቶች አጣምሮ አንድ ተራ መስጠትም ይቻላል።

ሙስሊሙ ጎረቤት ጽዋ ባይጠጣም በእድርና በወንፈል አብሮ ነው። ሲጠራ ሥጋው በራሱ ሰው እጅ ይታረዳል፣ በጠላ ፋንታ ቅሪቦ ይቀርብለታል።

ከባዱ የባለሙያው ነገር ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል፤ ጠላው የተጠመቀበት ጋንና እንጀራው የተጋገረበት ምጣድ ግን የእሷ እጅ ሥራ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ገላትያ 3፥28ም ሁላችሁ በክርስቶስ አንድ ናችሁ ይላል። ዛሬ ስድቡን በአደባባይ የሚናገር ጥቂት ነው፤ ማኅበር ልግባ ሲል «ዋስ የለውም» ይባላል እንጂ። ለዚህ የነፍስ አባቱ ራሳቸው ዋስ ቢሆኑ በሩ ይከፈታል። ቀጥሎ መታየት ያለበት ዋንጫው ነው፤ ለብቻው ዋንጫ የሚቀመጥለት ሰው በመዝገብ ቢጻፍም ገና አልገባም። ሙሴው ራሱ ጠጥቶ ያንኑ ዋንጫ ለአዲሱ ገቢ ሲያቀብል ሌላው ይከተላል።