የእርሻ መሬት መተው ምንድን ነው? ድጎማስ ምን ያደርገዋል?

«የአውሮፓ ገበሬ ላለማረስ ይከፈለዋል፣ መሬቱም ጦም የሚያድረው ለዚህ ነው» የሚለው አባባል በየውይይቱ ይደጋገማል። ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ይህንኑ ማስረጃ አድርጎ ድጎማ ገበሬን ያሰንፋል ሲል ደመደመ። እዚህ ላይ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል።

በዛሬው የአውሮፓ ኅብረት ላለማረስ መክፈል በእርግጥ ነበረ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የእህልና የቅቤ ክምችት ከመጋዘን ሲተርፍ በ1988 በፈቃደኝነት ተጀመረ። ከ1992ቱ የኅብረቱ የእርሻ ፖሊሲ ማሻሻያ በኋላ ደግሞ ትልልቅ እህል አምራቾች ክፍያ ለማግኘት መጀመሪያ 15 በመቶ ማሳቸውን ማሳረፍ ነበረባቸው። ግዴታው ለ2008 ምርት ዜሮ ተደረገ፣ ከዚያም ተሰረዘ። ያረፈው መሬት ግን በአብዛኛው ትራክተር የሚገባበት ለም ሜዳ ነበር፤ ገበሬው በፈለገ ጊዜ መልሶ ያርሰዋል።

የተተወ መሬት ሌላ ነው። ማንም እንዲያርፍ ያላዘዘው፣ የሚያርሰው፣ የሚያጭደው ወይም የሚያግጠው ሰው የታጣ መሬት ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እስከ አምስት ዓመት ያረፈውን ጊዜያዊ እረፍት ብሎ ይመዘግባል፤ ከዚያ ያለፈውን መተው ብሎ መጠርጠር ይቻላል።

መሬት የሚተወው በአብዛኛው ስሌቱ ስለማይወጣ ነው። በማጭድ ወይም በእጅ በሚገፋ ማጨጃ የሚሠራ ተዳፋት፣ ትራክተር በሚገባበት ሜዳ ላይ ከሚያስፈልገው ሰዓት ብዙ እጥፍ ይፈልጋል፤ ድርቆሹ ግን በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ድጎማው ከምን ጋር እንደታሰረ ነው።

ባለቤቱ ውጭ አገር የሚኖር፣ ለጠባቂ አደራ የተሰጠ ግቢ አስቡ። ጠባቂው በሚያሳድረው ሰው ቁጥር ቢከፈለው ግቢውን በተከራይ ያጨናንቀዋል፣ ወለሉም ይሰበራል። በክፍል ብዛት ቢከፈል ሃያ ክፍል ያለው ገንዘቡን ይጠቀልለዋል፤ ዳገት ላይ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ጣሪያዋ ያፈሳል። በዓመት አንዴ በሩን ከፍቶ ስላሳየ ቢከፈለው ደግሞ ቤቱ ይቆማል፣ ሰው ግን አይኖርበትም።

ሦስቱም ተሞክረዋል። በበግ ብዛት ይከፈል በነበረበት ጊዜ የምዕራብ አየርላንድ ተራሮች ከአቅማቸው በላይ ተግጠው አፈራቸው ተራቆተ፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2002 አየርላንድን ጥፋተኛ አድርጓል። በሄክታር የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ ለ20 በመቶ ተቀባዮች ይደርሳል፤ የመሬት ኪራይንም ያስወድዳል። ከ2003ቱ ማሻሻያ ወዲህ ክፍያው ከምርት ተነጥሎ መሬቱን በጥሩ ሁኔታ መያዝ በቂ ሆነ። በብዙ ቦታ ይህ በዓመት አንዴ ሣሩን ማጨድ ብቻ ማለት ነው። ባለመሬቱ ከብት ሳይኖረው ማሽን ተከራይቶ ያጭዳል፣ ለጀማሪ ገበሬም አያከራይም። በወረቀት ላይ ያልተተወ፣ እርሻ ግን የሌለበት መሬት ይኸው ነው።

ሕጉ ራሱ መሬት የሚያስወጣበት ጊዜም አለ። ከ2014 እስከ 2020 በነበረው የኅብረቱ ደንብ በሄክታር ከ100 በላይ ዛፍ ያለው የግጦሽ መሬት በመርህ ደረጃ ክፍያ አያገኝም ነበር። ስለዚህ ገበሬው ወይ ዛፉን ይቆርጥ፣ ወይ መሬቱን ከክፍያ ማመልከቻው ያወጣው ነበር። ከማመልከቻው የወጣው ደግሞ ቶሎ ይተዋል።

«ድጎማ ቢነሳ ሁሉም ጥሎ ይሄዳል» ለሚለው ደግሞ ኒውዚላንድ አለች። በ1984 ድጎማዋን ከሞላ ጎደል አነሳች። ሰባ ሚሊዮን ገደማ የነበረው በግ ዛሬ ከሠላሳ ሚሊዮን በታች ነው። ሜዳው ግን አልተተወም፤ ከዳገቱ ከፊሉ ወደ ጥድ ተክልና ወደ ቁጥቋጦ ሄደ።

ለሥራው ራሱ ለመክፈል ከሞከሩት መካከል ስዊዘርላንድ ትጠቀሳለች። የተዳፋት ክፍያዋ ከ18 እስከ 35፣ ከ35 እስከ 50 እና ከ50 በመቶ በላይ በሆነ ቁልቁለት ተከፍሏል፤ በከበደ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል። ለበጋ ግጦሽ ደግሞ አንድ የከብት አሃድ (አንድ የምትታለብ ላም ያህል) ተራራ ላይ 100 ቀን መቆየቱን መለኪያ አድርጋ ትከፍላለች። ችግሩ ይህ ስሌት ከብቱ ተራራ ላይ መዋሉን እንጂ የቱ ጥግ ላይ መጋጡን አይቆጥርም። ላም ከበረቱና ከውኃው አትርቅም። ራቅ ባለው ቁልቁለት አረንጓዴ አልደር የሚባል ቁጥቋጦ ይበቅላል። ሥሩ ላይ ያሉ ተህዋስያን ናይትሮጅን ከአየር ይስባሉ፣ ናይትሬቱ ወደ ወንዝ ይታጠባል፣ ከቁጥቋጦው በታች የነበረው የአበባ ዓይነት ይጠፋል፤ ጥቅጥቅ ስለሚልም ሌላ ዛፍ እንዲበቅል አይፈቅድም። በምሳር ብቻ መቁረጥም አይጠቅምም፣ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የሚያዳክመው ቅርፊቱን የሚልጥ እንስሳ ነው፤ ፍየልና የኢንጋዲን በግ (የስዊዘርላንድ የተራራ በግ ዝርያ) ይህን ያደርጋሉ፣ ላም ግን አታደርገውም።