የማጣሪያ ሽያጭ ምንድን ነው?

አንድ መደብር «ልንዘጋ ነው፤ ሁሉም ይሸጣል» የሚል ጽሑፍ መስኮቱ ላይ ሲለጥፍ የማጣሪያ ሽያጭ ተጀመረ ማለት ነው። ነጋዴው በእጁ የቀረውን ዕቃ በሙሉ ወደ ገንዘብ ለውጦ ዕዳውን የሚከፍልበት የመጨረሻው ሽያጭ ነው። የበዓል ቅናሽ ደንበኛው ነገም እንዲመለስ ይደረጋል፤ እዚህ ግን ነገ የለም፤ የሽያጩም ጠባይ ከዚህ ይመነጫል።

የአሜሪካው የርካሽ ዕቃ መደብሮች ድርጅት ኬማርት በዚህ መንገድ ደጋግሞ አልፏል። የመጀመሪያውን መደብር በሚሺጋን ግዛት፣ በጋርደን ሲቲ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ተፎካካሪዎቹ ዋልማርትና ታርጌትም በዚያው ዓመት ጀመሩ። በርካሽ ዕቃ ንግድ ለረጅም ጊዜ ኬማርት ይመራ ነበር። በመደብሮቹ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ድንገት ብልጭ ድርግም ሲል፣ መብራቱ አጠገብ ያለው ዕቃ ለጥቂት ደቂቃ ዋጋው ይወርድና ሸማቹ ጋሪውን እየገፋ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። ዋልማርት ገንዘቡን በኮምፒውተር በሚመራ የዕቃ ቁጥጥርና በማከፋፈያ መጋዘኖች ላይ ሲያፈስ ኬማርት ግን የመጻሕፍትና የቢሮ ዕቃ መደብሮችን ይገዛ ነበር። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በርካሽ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ ከእያንዳንዱ ዕቃ የሚያተርፈው ጥቂት ስለሆነ፣ ዕቃ በሰዓቱ መደርደሪያ ላይ ካልተገኘ የሚያድነው ሌላ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ኪሳራ ሲያውጅ ከ2,100 በላይ መደብሮች ነበሩት፤ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ600 በላይ የሚሆኑት እንዲዘጉ ተወሰነ።

ሽያጩን ብዙ ጊዜ የሚመራው መደብሩ ራሱ ሳይሆን በዚሁ ሥራ የተካነ አጣሪ ድርጅት ነው። ቅናሹ ከትንሽ ይጀምርና ሳምንት በሳምንት ከፍ ይላል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ «20 በመቶ ቅናሽ» የሚታሰበው ከሙሉው ዋጋ ላይ ነው፤ ዕቃው ባለፈው ወር በተለመደው ቅናሽ ከዚህ ረክሶ ተሸጦ ሊሆን ይችላል። አጣሪው መደብሩ ሸጦት የማያውቀውን ዕቃ ከሌላ ቦታ አምጥቶ የሚቀላቅልበት ጊዜም አለ። የተገዛ ዕቃ አይመለስም። የስጦታ ካርድ ያለው ሰው ሳይዘገይ ይጠቀምበት፤ ከተወሰነ ቀን በኋላ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል።

ገንዘቡ ሲሰበሰብ በኪሳራ ሕግ ተራ አለው። መያዣ የያዙ አበዳሪዎች ይቀድማሉ፤ በዱቤ ዕቃ የሰጡ አቅራቢዎች ብዙውን ጊዜ ከኋላ ቆመው ከሚገባቸው ጥቂቱን ብቻ ያገኛሉ፤ ባለአክሲዮኖች መጨረሻ ናቸው። እኔን የሚያሳዝነኝ የሠራተኞቹ ነገር ነው። ዋጋ የሚቀንሰውን ወረቀት የሚለጥፉት፣ «መቼ ነው የምትዘጉት?» ለሚል ሁሉ በትሕትና የሚመልሱት፣ ሥራቸውን የሚያጡት እነዚያው ሰዎች ናቸው።

በመጨረሻዎቹ ቀናት የቀረው ዕቃ ወደ በሩ ይሰበሰባል፤ የኋላው ወለል በገመድ ይዘጋል። ከዚያ መደርደሪያዎቹና ጋሪዎቹ ራሳቸው ዋጋ ይለጠፍባቸዋል። በአሜሪካ ዋና ምድር የመጨረሻው ትልቅ የኬማርት መደብር፣ በኒው ዮርክ ግዛት ብሪጅሃምፕተን የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ተዘጋ።