«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ»፦ ውሻው ግን አሽትቶ ነበር

አደጋው ካለፈ በኋላ የሚጯጯህ ሰው ሲያጋጥመን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን። ቤቱ ከተዘረፈ በኋላ ቁልፍ የሚገዛውም፣ ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ሐሳብ የሚመጣለትም በዚሁ አባባል ይወቀሳል። ለዘገየ ሁሉ መነገሩ ግን ያስቆጨኛል፤ ፍርዱ ከዚያ ይከብዳልና።

መነሻው የገበሬ ግቢ ነው። ውሻ የሚቀለበው ሌሊት እንዲያነቃ ነው። አፍንጫው ከሰው ይቀድማል፤ ጅቡ አጥሩ ጋ ሳይደርስ ጠረኑ ይደርሰዋል። ስለዚህ ዝም ያለው ውሻ ሳያውቅ አይደለም ዝም ያለው። አውቆ፣ ፈርቶ፣ ጥጉን ይዞ አድሮ፣ ጅቡ ጠግቦ ሲሄድ ነው ድምፁ የሚወጣው።

ልጅ ሳለሁ አዳማ ዳር፣ ከኮረብታው ሥር በነበረው ቤታችን፣ ለፋሲካ የተገዛ በግ ጅብ በላብን። ጠዋት የተገኘው የተበጠሰ ገመድና በእሾህ አጥሩ ላይ የቀረ ጸጉር ነበር። ውሻችን ግቢውን እየዞረ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮሃል። አባቴ አልመታውም። ጎንበስ ብሎ ጎኑን ዳበሰና መዳፉን አሳየን፤ አመድ ነበር። ሌሊቱን ማድ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው ሥር ነው ያደረው። ቀጥሎ «የማድ ቤቱን በር ማን ክፍት ተወው?» ሲል ጠየቀ። እኔ ነበርኩና ተናገርኩ።

ከሽብር ጥቃት በኋላ ባለሥልጣናት መግለጫ ሲያወጡ፣ ሲያወግዙና ጥበቃ ሲያጠናክሩ ባየሁ ቁጥር ያ አመድ ትዝ ይለኛል።

ሚያዝያ 13 ቀን 2011 ዓ.ም. እኛ ሆሣዕናን ስናከብር በስሪላንካ ፋሲካ ነበር። አጥፍቶ ጠፊዎች በሦስት አብያተ ክርስቲያናትና በሦስት ትልልቅ ሆቴሎች ከ260 በላይ ሰዎችን ገደሉ። የሕንድ የስለላ ተቋም ማስጠንቀቂያ የላከው ግን መጋቢት 26 ነው፤ 17 ቀን ቀድሞ። አብያተ ክርስቲያናት ዒላማ ሊሆኑ እንደሚችሉና የቡድኑ መሪ ማን እንደሆነ ጭምር ተነግሮ ነበር። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ከረመ። ልጆቻቸውን አዲስ ልብስ አልብሰው ለቅዳሴ የወጡት እናቶች ግን ምንም አልሰሙም።

የስለላ ሥራ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። በየቀኑ የሚደርሰው ጥቆማ ብዙ ነው፤ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር የሚጮህ ውሻም ማንንም ከመኝታው አያስነሣም። ማንም አስቀድሞ ሊያየው ያልቻለውን አደጋ አላስቀረህም ተብሎ ሰው ይቀጣ አልልም። ማስጠንቀቂያው በእጁ እያለ ዝም ያለ ሰው ግን መጠየቅ አለበት፤ ምን ደረሰህ፣ መቼ ደረሰህ፣ ለማን ነገርህ ተብሎ፣ በሸንጎ ፊት።

ስሪላንካውያን ይህን አደረጉ። ጥር 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የቀድሞው ፕሬዝዳንት ማይትሪፓላ ሲሪሴና 100 ሚሊዮን፣ የቀድሞው የፖሊስ አዛዥና የስለላ ኃላፊው ደግሞ እያንዳንዳቸው 75 ሚሊዮን የስሪላንካ ሩፒ ከገዛ ኪሳቸው ለተጎጂዎች እንዲከፍሉ ወሰነ። ሲሪሴና ማስጠንቀቂያው ለእኔ አልተነገረኝም ብለው ነበር። በዚያን ጊዜ ግን የመከላከያ ሚኒስትርነቱንም ደርበው የያዙት እርሳቸው ነበሩ። «በሩን ማን ክፍት ተወው?» የሚለው የአባቴ ጥያቄ የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።