ለስብስብ የሚሠራ የብረት ወንበር ምንድን ነው?

ሰው ይቀመጥበታልና ወንበር ነው። የሚሸጠው ግን በቤት ዕቃ መደብር ሳይሆን በጋለሪ ወይም በጨረታ ነው፤ ተራ ቁጥርና የሠሪው ፊርማ ይቀረጽበታል፣ ብዙ ጊዜም የማረጋገጫ ወረቀት ይያያዝለታል። ገዢው ሊቀመጥበት ይችላል፤ የሚይዘው ግን እንደ ቅርጻ ቅርጽ ነው።

ብረት ወደ ወንበር የገባው ለዚህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1925 ማርሴል ብሮየር፣ ባውሃውስ በተባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት ሳለ፣ የብስክሌት መሪ ሐሳብ ሰጥቶት ከታጠፈ የብረት ቱቦ ወንበር ሠራ። የታለመው ቀላልና በፋብሪካ የሚባዛ ዕቃ ነበር። ከስልሳ ዓመት ገደማ በኋላ ያንኑ ብረት የያዙ ሰዎች መንገዱን ገለበጡት፤ ማባዛቱን ትተው ጥቂት ብቻ በእጅ መሥራት ጀመሩ።

ከእነዚህ ሰዎች ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ዲዛይነሩ ሮን አራድ ነው። በ1981 ለንደን ውስጥ ከአሮጌ የሮቨር መኪና የተነቀለ መቀመጫ በብረት ቱቦና ማያያዣ ላይ አሰረ። በ1988 የመጣው ቢግ ኢዚ ደግሞ ያበጠ የሶፋ ቅርጽ ይዞ ከላሜራ የተበየደ ወንበር ነው። ሲያዩት የሚሰምጡበት ይመስላል፤ ሲቀመጡበት ግን ጠጣር ነው፣ ቀልዱም ቁም ነገሩም እሱ ነው። በኋላ ሞሮሶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ቅርጹን በፕላስቲክ አባዛው። ቅርጹ ያው ሆኖ ሳለ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት በብረቱ ነው።

ምክንያቱ ሥራው ላይ ነው። ለፕላስቲክ ወንበር አስቀድሞ ሞልድ፣ ማለትም ፕላስቲኩ ቅርጹን የሚይዝበት ማውጫ፣ ይዘጋጃል፤ ውድ ስለሆነም ወጪው የሚመለሰው ብዙ ወንበር ሲወጣበት ነው። ላሜራ ግን ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይበየዳል፤ ለአንድ ወንበርም ለአሥርም መሣሪያው ያው ነው። የሚያስወድደው ጉልበቱ ነው። ስስ ላሜራ የብየዳ ሙቀት ሲያገኘው ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ በዚህ መሐል ይጣመማል። ስለዚህ ጥሩ በያጅ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ አይሄድበትም፤ እዚህ ጥቂት ነክቶ፣ ወዲያ ተሻግሮ፣ ሙቀቱን እያከፋፈለ ይሠራል። ከዚያ ስፌቱ በግራይንደር ይስተካከላል፣ ከሻካራ ወደ ለስላሳ እየተለወጠ በሚሄድ ብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፣ በመጨረሻም ይወለወላል። እንደ መስታወት የጠራ ገጽ ምንም አይደብቅም፤ ጣት የማይለየው ጎድጓዳ እንኳ የመስኮት ነጸብራቅ ሲያርፍበት ወዲያው ይታያል።

ሁሉም ታዲያ በብየዳ አይሠሩም። ራሱ አራድ በ1986 ቪትራ ለተባለው የቤት ዕቃ አምራች ኩባንያ የነደፈው ዌል ቴምፐርድ ወንበር ከጠነከረ የማይዝግ ላሜራ ነው፤ ላሜራዎቹ ተጠምዝዘው በእጅ በሚጠብቁ ዳዶዎች ይያዛሉ፣ ተቀማጩንም እንደ ሞላ ያነጥሩታል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ብረቱ ድሎት የሚሰጠው ብረት በመሆኑ ነውና። በዚያው ዓመት ጃፓናዊው ሺሮ ኩራማታ ወንፊት ከመሰለ የብረት መረብ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ትልቅ ባለመደገፊያ ወንበር ሠራ። ፖላንዳዊው ኦስካር ዚዬታ ደግሞ ሁለት ስስ ላሜራዎችን ጠርዝ ለጠርዝ በይዶ በግፊት ይነፋቸዋል፤ ብረቱ የሚሸበሸበው በራሱ ፈቃድ ስለሆነ ከአንድ ንድፍ የወጡ ሁለት ቁራጮች በትክክል አይገጥሙም።

ከአንድ ንድፍ ስንት ወንበር ይሠራ የሚለው ነገር ግማሹ ንግድ ነው። በርካታ ጋለሪዎች 8 ቁራጭና አርቲስቱ ለራሱ የሚያስቀራቸው 4 ቅጂዎች ይላሉ፤ ልማዱ ከፈረንሳይ የቅርጻ ቅርጽ አሠራር የመጣ ነው። ከ8 በላይ መሥራት ስለማይቻል አይደለም፤ ጥቂት መሆኑ ዋጋውን ስለሚጠብቅ ነው። በዚህ ረገድ ስሙ ደጋግሞ የሚጠራው የዲዛይነሩ የማርክ ኒውሰን ሎክሂድ ላውንጅ የተባለ ረጅም መቀመጫ በ2015 ለንደን ውስጥ ከ2.4 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጧል። እሱ ግን ብረት አይደለም፤ በፋይበርግላስ ላይ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት ሲሶ ያህል ነውና ግራ የገባው ሰው አንሥቶ ቢያየው ይለየዋል፣ ባለቤቱ ከፈቀደለት።

እንዲህ ያለ ወንበር ሲያጋጥም ከፊት ለፊቱ ይልቅ ሥሩን ማየት ይበጃል። ስፌቱ ከታችም በጥንቃቄ ተጨርሶ እንደሆነ፣ ክብደቱ በየት በኩል ወደ ወለል እንደሚወርድ ከዚያ ይታወቃል። ጨርሶ የማይቀመጡበት ከሆነ ቅርጻ ቅርጽ መባሉ ይበቃዋል፤ ወንበር ብሎ ዋጋ መጨመር አያስፈልግም። የማይዝግ የሚባለውም ቢሆን ጥበቃ ይፈልጋል። ከዝገት የሚከላከልለት በውስጡ ያለው ክሮሚየም ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ነው፤ በረኪና ይህን ሽፋን እየበሳ ነጠብጣብ ዝገት ስለሚያወጣበት፣ ለጽዳቱ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙናና ጨርቅ ይበቃል።