«ይሄን ማን ወሰነው?» ለሚል ሰው እንዴት እንመልስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወሎ ውስጥ የሃይማኖት ጥያቄ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። አክስት ሙስሊም፣ አጎት ቄስ በሆኑበት ቤት አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ፣ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ድንገት «ግን ይሄን ማን ወሰነው?» ይላል። ብዙዎቻችን ያለን መልስ ሁለት ነው፤ ወይ «ዝም በል፣ አይጠየቅም» ማለት፣ ወይ ቴሌግራም ላይ የሰማነውን ክርክር መድገም። የመጀመሪያው «መልስ የላቸውም» ያሰኛል። ሁለተኛው ቤቱን ያጣላል። ቅዱስ ጴጥሮስ «መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጃችሁ ሁኑ» ካለ በኋላ «ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ይላል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። ጥቅሱን እስከ ግማሹ የሚይዝ ሰው ይበዛል።

ጥያቄው ሲመጣ ወደ መልሱ አትሩጡ፤ የተጠየቀው ነገር ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ሁሉ እኩል አይመዝንም። ዶግማ የእምነቱ መሠረት ነው፤ ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባን፣ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን። በዚህ ላይ ሲኖዶስም ቢሆን አይጨምርም፣ አይቀንስም። ቀኖና ሥርዓት ነው። ጾሙ፣ የክህነቱ አሰጣጥ፣ የአገልግሎቱ አፈጻጸም በጉባኤ የተወሰነ ስለሆነ ጉባኤ ሊያሻሽለው ይችላል። ከዚያ ወዲህ ከአባቶች ሲወርድ የመጣ ትውፊት አለ፤ ከእሱም በታች የአገር ልማድ አለ። ጠብ የሚነሣው በአመዛኙ ልማዱን ዶግማ አድርገን ስንከራከርለት ነው።

ጾመ ጽጌን እንውሰድ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን የፈቃድ ጾም ነው፤ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አይቆጠርም። ጎረቤቷ በጥቅምት ወተት ስትጠጣ አይታ «አንቺ ደግሞ ምን ክርስቲያን ነሽ!» የምትል እናት ቤተ ክርስቲያን ያልጫነችውን ሸክም ጫነች። ዐቢይ ጾምን ግን «ፈቃድ ነው» ብሎ ማቅለል በተቃራኒው ስሕተት ነው፤ የታመመ ወይም አራስ የሆነች ሰው ብትኖር እንኳ የምትጠይቀው ንስሐ አባቷን ነው፣ ፌስቡክን አይደለም።

የሠርጉ ሥጋም እንዲሁ ነው። በእኛ አገር ድግስ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፤ ልጁ ደግሞ «ለምን?» ይላል። «የእነሱ ርኩስ ስለሆነ» የሚለው መልስ ሐሰት ነው፤ «እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም ነው» ተብሎ ተጽፏል (1ኛ ጢሞ. 4፥4)። ትክክለኛው መልስ እያንዳንዱ በየእምነቱ ስም ባርኮ ያርዳል፣ ሁሉም የየራሱን ይጠብቃል የሚል ነው። የእምነታችን መግለጫ በሆነው በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ ስለ ሥጋ የተጻፈ ነገር የለም። ከአባቶች የተቀበልነው ሥርዓት ነው፤ አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ የሚያፈርሰው አይደለም፣ ጎረቤትን መስደቢያም አይደለም።

ከባዱ ጥያቄ ግን የመጻሕፍቱ ነው። «የእናንተ መጽሐፍ ቅዱስ ለምን 81 ሆነ? ማን ጨመረው?» ይላሉ፤ ፕሮቴስታንት የሆነ ዘመድ ያለው ሰው ሳይሰማው አይቀርም። ቁጥሩን ራሱ በትክክል ያዙ። በተለመደው አቆጣጠር ብሉይ 46፣ ሐዲስ 35 ነው። ሐዲሱ 35 የሚሆነው በታወቁት 27 ላይ ስምንት የሥርዓት መጻሕፍት ሲደመሩ ነው፤ ሥርዓተ ጽዮን፣ ትእዛዝ፣ ግጽው፣ አብጥሊስ፣ ሁለቱ መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ። ብሉዩን 54፣ ሐዲሱን 27 አድርጎ 81 የሚያደርስ ሌላ አቆጣጠርም አለ። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሌላውን ሲሰማ «ራሳቸውም አይስማሙም» ይላል፤ ሁለቱን ቀድሞ ያስተማረ መምህር ግን አይደነግጥም። መጽሐፈ ሄኖክን በተመለከተ የይሁዳን መልእክት ቁጥር 14 እና 15 ክፈቱና አብራችሁ አንብቡ። ሐዋርያው ሄኖክን በስም ጠርቶ ይጠቅሰዋል። ይህ ብቻውን ክርክሩን አይዘጋውም፤ የተጠቀሰ ሁሉ ቅዱስ መጽሐፍ አይሆንምና። መጽሐፉን ቤተ ክርስቲያናችን ከየትም ፈጥራ እንዳላመጣችው ግን ያሳያል።

እዚህ ላይ ከእኛ ወገን በብዛት የሚሰማ ስሕተት አለ፤ «መጻሕፍቱ የተመረጡት በኒቅያ ጉባኤ ነው» ይባላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች የመከሩት «ወልድ ፍጡር ነው» ስላለው ስለ አርዮስ ክሕደት፣ ስለ ፋሲካ ቀንና ስለ ሥርዓት ነው፤ ከ20ዎቹ ቀኖናዎቻቸው አንዱም የመጻሕፍት ዝርዝር የለውም። 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዛሬ እንደምናውቃቸው ዘርዝሮ የምናገኘው ቅዱስ አትናቴዎስ እ.ኤ.አ. በ367 በጻፈው የፋሲካ መልእክት ነው። አባ ሰላማን (ፍሬምናጦስን) ጳጳስ አድርጎ የላከልን ያው አትናቴዎስ ነው። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን «ኒቅያ» ብሎ ይጀምርና አንድ ያነበበ ልጅ ሲያርመው እውነት የሆነው ነገር ሁሉ አብሮ ይፈርስበታል።

«ታዲያ ኒቅያን የሰበሰበው ንጉሥ አይደለም ወይ? ሃይማኖታችሁን ቆስጠንጢኖስ ነው የወሰነው» ሲሉ፣ የሰበሰበው ንጉሥ መሆኑን አትካዱ። ከዚያ የሆነውን ግን ተናገሩ። አትናቴዎስ በነገሥታት ትእዛዝ አምስት ጊዜ ተሰዷል፤ መጀመሪያ ያሰደደውም ራሱ ቆስጠንጢኖስ ነው። ልጁ ቆስጠንጢዮስ ለአርዮሳውያን አድልቶ ወደ አክሱም ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሱልኝ፣ በእኔ ጳጳስ ይመርመር ብሎ። ደብዳቤው በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ሃይማኖትን የሚወስን ንጉሥ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንቀድሰው በአትናቴዎስ ቅዳሴ አይሆንም ነበር።

ግን ይህን መልስ ወሎ ውስጥ ሰጥቶ መቀመጥ አይቻልም። ከደሴ ወደ ሐይቅ ሲወጣ ቦሩ ሜዳ አለ፤ ጠያቂውም ያውቀዋል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ሊቃውንቱን ሰብስበው አከራከሩ። ክርስቶስ ከአብና ከድንግል ማርያም ልደቱ ሌላ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለው የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፣ ተዋሕዶ ጸና። በዚያው ወቅት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። ሼህ ጦልሐን የመሰሉ ደግሞ እንቢ ብለው ታገሉ። እንግዲህ ጎረቤት «አያቴን በግድ አጠመቃችሁት» ቢል ምን ይባላል?

ሁለቱን ነገር ለዩለት። በጉባኤው ሊቃውንቱ የተከራከሩበት የወልድ ልደት የዶግማ ጉዳይ ነው፤ የሚመዘነው በመጽሐፍና በአባቶች ትምህርት ነው እንጂ በወሰነው ንጉሥ ኃይል አይደለም። በግድ ማጥመቅ ግን የፖለቲካ ሥራ ነው፤ በሃይማኖታችን የሚደግፈው የለም። ጌታ ያለው «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» ነው (ማር. 16፥16)፤ ማመኑ ይቀድማል። «ትክክል አልነበረም» በሉት፣ ዝም ብላችሁም ስሙት። ብዙዎች እዚህ ላይ «እናንተስ በግራኝ ጊዜ...» ብለው ይጀምራሉ። ያኔ ንግግሩ አለቀ ማለት ነው፤ የጠየቀው ስለ አያቱ ነበር። ነገሥታቱን ፊት ለፊት የገሠጹ አባቶች እንደነበሩንም አትርሱ፤ በ14ኛው መቶ ዘመን አባ በጸሎተ ሚካኤል አፄ ዐምደ ጽዮንን ስለ ጋብቻው ገሥጸው ተሰደዋል።

ቀኖና በጉባኤ ይሻሻላል ስንል ባዶ ቃል እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ ከራሳችን ታሪክ አለ። ፍትሐ ነገሥት የተባለው የሕግ መጽሐፍ በኒቅያ ስም፣ ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል በራሳቸው ፓትርያርክ እንዳይሾሙ ይከለክላል። ይህ አንቀጽ 318ቱ ከወሰኗቸው 20 ቀኖናዎች ውስጥ የለም፤ በኋላ ዘመን በስማቸው የተጨመረ ነው። ሆኖም አባቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከግብፅ ሲያስመጡ ኖሩ፤ በ1951 ዓ.ም. ግን አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ሥርዓቱ ተለወጠ፤ ጸሎተ ሃይማኖት ግን አንድ ፊደል አልተነካም።

ወጣቱን ከሁሉ ይልቅ የሚያርቀው ግን ታሪክ አይደለም፤ «ቄሱ እንዲህ አድርጎ እያየሁ እንዴት ልታዘዘው?» የሚለው ነው። ጌታ ስለ ጻፎችና ፈሪሳውያን ሲናገር በሙሴ ወንበር ተቀምጠዋልና ያዘዙአችሁን አድርጉ፣ እንደ ሥራቸው ግን አታድርጉ ብሏል (ማቴ. 23፥2-3)። ምሥጢራቱን የሚፈጽመው መንፈስ ቅዱስ ስለሆነ የካህኑ ድካም ቁርባኑን አያረክሰውም። ይህን ብቻ ብሎ ማቆም ግን ጥፋትን መሸፈን ይሆናል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃውሞታል (ገላ. 2፥11)። መንገዱ በማቴዎስ 18፥15-17 ተጽፏል። መጀመሪያ ለብቻው ንገሩት፤ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ካልሆነ ለሰበካ ጉባኤው፣ ከዚያ ለወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያ ለሀገረ ስብከቱ በጽሑፍ። ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር በካህን ላይ ክስ አይቀበሉም (1ኛ ጢሞ. 5፥19)፤ ስለዚህ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የነበሩትን ሰዎች ጽፋችሁ ያዙ። ነገሩ የሚበላሸው ከመጀመሪያው ደረጃ ዘልሎ ቪዲዮ ሲለቀቅ ነው፤ ያኔ ጥፋተኛው ተበዳይ ይመስላል። ወንጀል ከሆነ፣ በተለይ ሕፃን ወይም ሴት የተጎዳበት ከሆነ፣ እነዚህን ደረጃዎች አትጠብቁ፤ በቀጥታ ለፖሊስ ነው።

«የመጨረሻው ቃል የማን ነው?» ለሚልም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15ን አንብቡለት፤ ጊዜ ካለ በአንድ ቁጭታ፣ ከነአንድምታው። ከአሕዛብ ያመኑት ይገረዙ ወይ የሚለው ጥያቄ በአንጾኪያ ተነሣ፣ እዚያ አልተፈታም፤ ኢየሩሳሌም ወዳሉት ሐዋርያትና ቀሳውስት ተላከ። ብዙ ክርክር ሆነ (ቁ. 7)፤ ክርክሩን ማንም ነውር አላለውም። ጴጥሮስ ተናገረ፣ ጳውሎስና በርናባስ መሰከሩ፣ ያዕቆብ ከነቢያት ጠቅሶ ፍርዱን አቀረበ። ደብዳቤው ሲጻፍ «ለመንፈስ ቅዱስና ለእኛ» አለ እንጂ «ለጴጥሮስ» አላለም (ቁ. 28)። ቅዱስ ሲኖዶስ በጥቅምትና ከፋሲካ በኋላ በርክበ ካህናት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰበሰበው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ጳጳስ ብቻውን፣ አንድ ሰባኪ ብቻውን፣ ተከታዩ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ሃይማኖት አይወስንም። «ከገዳም የመጣ ራእይ ነው፣ ለ12 ሰው አስተላልፉ» የሚለውንም እዚሁ ላይ መዝኑት፤ ማን እንዳየው፣ የትኛው አባት እንደመረመረው ካልተነገረ ሰርዙት።

መልሱን ካላወቃችሁት «አላውቀውም፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ማለት አያሳፍርም። ግን ቀን ቁረጡለት። ጥያቄውን ልጁ ባለው ቃል ጻፉት፤ እናንተ ስታሳጥሩት መምህሩ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ይሆናል። የሥርዓትና የኑሮ ጉዳይ ከሆነ ለንስሐ አባት፣ የትርጓሜ ከሆነ ለመጻሕፍት መምህር ውሰዱት። በእነሱም ካልተቋጨ ወደ ሀገረ ስብከቱ ይወጣል። ቢቻል ልጁን ይዛችሁት ሂዱ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ለደሴ ልጅ ሩቅ አይደለም፤ ዘጠነኛ ክፍል ያለ ልጅ ጥያቄውን ራሱ አንሥቶ አባቶችን ፊት ለፊት ቢጠይቅ ይሻለዋል። በተቀጠረው እሑድ ደግሞ መልሱ ባይገኝ እንኳ «ገና ነው፣ እዚህ ደርሻለሁ» ብላችሁ ንገሩት።