የተላቀቀ ካርቶን፦ ጥፋቱን ሁሉ ፕላስተሩ ላይ አንለጥፍ

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ከእሱ በፊት የነበሩት የቢራና የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎችም አሉ። ምርቱን በካርቶን የሚልክ ሁሉ ደግሞ ካርቶኑን በፕላስተር ማሸግ አይቀርለትም። ሥራው ቀላል ይመስላል። የሚከብደው አንድ መስመር ላይ ትንሹም ትልቁም ካርቶን ሲፈራረቅ ነው። ጠዋት ድርግም ብሎ የታሸገው ማታ መኪና ላይ አፉን ከፍቶ ይገኛል። በዚህ ሥራ ከኦፕሬተርም ከሱፐርቫይዘርም ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ።

«ፕላስተሩ ከለቀቀ ጥራት የለውም ማለት ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ፕላስተር የሚይዘው ሲጫኑት ነው። የማሸጊያ ማሽኑ ሮለር፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሚጫነው ክፍል፣ ሲያልፍበት ሙጫው ወረቀቱ ላይ በደንብ ያርፋል። ለመጫን ደግሞ ከሥር የሚደግፍ ነገር መኖር አለበት። ካርቶኑ ጎደሎ ከሆነ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሮለሩም ነካ አድርጎት ብቻ ያልፋል። ከልክ በላይ ከሞላ ደግሞ ሁለቱ ክዳኖች መሃል ላይ አይገናኙም። ክፍተቱን የሚሸከመው ፕላስተሩ ብቻ ይሆናል። ሌት ተቀን ሲሳብ ቆይቶ ይለቃል።

የብዙ መጠን ካርቶን ችግር ሥሩ እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ልኩ የሆነው ካርቶን መጋዘን ውስጥ ሲያልቅ ምን ይደረጋል? ከእሱ ከፍ ያለው ይነሳል። «ያው ካርቶን ነው» ይባላል። ማሽኑም ያሽገዋል፤ ሲታይ ምንም አይልም። ከላዩ ሌሎች ካርቶኖች ሲደረደሩበት ግን ባዶው ቦታ ይጨፈለቃል። ክዳኑ ይጎብጣል፣ የፕላስተሩ ጫፍ ይነሳል። ደንበኛው ደውሎ ፕላስተሩን ይወቅሳል። ግዢ ክፍልም ውድ ፕላስተር ያመጣል። ችግሩ ግን እዛው ነው። ትልቁን መጠቀም ግድ ከሆነ ክፍተቱን በተጨማደደ ወረቀት ወይም በቁራጭ ካርቶን ሞልታችሁ አሽጉ። ከሁሉ በፊት ግን መጋዘኑና ማሸጊያ ክፍሉ ይነጋገሩ። ካርቶን እያለቀ መሆኑ የሚታወቀው ባለቀበት ቀን መሆን የለበትም።

አቧራና እርጥበትም አሉበት። በበጋ አቧራ የለበሰ ካርቶን ላይ ሙጫው የሚይዘው አቧራውን ነው። በክረምት ሲሚንቶ ወለል ላይ የተከመረ ካርቶን ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ ይልፈሰፈሳል። የእንጨት ፓሌት ላይ አስቀምጡት፤ ከላይም ሸፍኑት።

«ሁለት ሦስቴ ከደረብንበት አይለቅም»

ፕላስተር የሚለቀው ከወረቀቱ ነው። የተደረበው የያዘው ደግሞ የታችኛውን ፕላስተር እንጂ ወረቀቱን አይደለም። የታችኛው ከተነሳ አብሮ ይነሳል። ይልቅ በካርቶኑ ፊትና ኋላ ወደ ታች የሚወርደውን ጫፍ ተመልከቱ። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ምላጩ ከደነዘ ጫፉ ተቦጫጭቆ ይቆረጣል። የፕላስተር ጥቅሉን የሚይዘው ፍሬን ከጠበቀ ደግሞ ፕላስተሩ ተለጥጦ ይለጠፍና ቆይቶ ይሰበሰባል።

«አውቶማቲክ ማሽን ማንኛውንም መጠን ይቀበላል»

ሁለት ዓይነት ማሽን አለ። አንደኛው መጠን በተቀየረ ቁጥር በእጅ ይስተካከላል። ሌላው የመጣውን ካርቶን ስፋትና ከፍታ አውቆ ራሱ ይስተካከላል። ይህኛውም ቢሆን ገደብ አለው። በጣም ትንሹን መያዝ አይችልም። ቀጭንና ረጅሙ ይወድቅበታል። ሁለት ካርቶን ተጠጋግቶ ከገባ ይምታታበታል። በጎንና በላይ የሚጫነውም የካርቶኑን ግድግዳ ስለሆነ ደካማውን ይጨፈልቃል።

በኔ አስተያየት ሦስት አራት መጠን ብቻ ያለው ፋብሪካ ውዱን ማሽን አያስፈልገውም። ጠዋት አንዱን መጠን፣ ከሰዓት ሌላውን ቢያሽግ በእጅ የሚስተካከለው ይበቃዋል። የየመጠኑ ቦታ ማሽኑ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ኦፕሬተሩ በግምት አያስተካክል። በየደቂቃው የተለያየ ካርቶን ለሚያወጣ ግን ውዱ ዋጋውን ይመልሳል።

«ኮምፕሬሰሩ ማኑዋሉ ላይ የተጻፈውን ያህል ከሆነ በቂ ነው»

ራሱን የሚያስተካክለውን ማሽን ክፍሎች የሚያንቀሳቅሰው ኮምፕሬሰሩ አምቆ የሚልከው አየር ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ኮምፕሬሰሩም የሚስበው አየር በዚያው ልክ የሳሳ ነው። ወደ 2,500 ሜትር የምትጠጋው ደሴ ላይ ይብሳል። ምልክቱ ይታወቃል። ጠዋት ታንኩ ሙሉ ሳለ ማሽኑ ይሮጣል። ሥራ ሲፋጠን ግን ከላይ የሚወርደው ክፍል ይዘገያል፣ የጎን መያዣው ይላላል፣ ካርቶኑ ይንሸራተታል። መካኒኩ ሴንሰር ሲፈታ ይውላል። መጀመሪያ መታየት የነበረበት የግፊት ጌጁ ነው። ኮምፕሬሰር ስትገዙ የምትተክሉበትን ከፍታ ለሻጩ ንገሩትና በዚያ ያስላላችሁ። ታንኩ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ደግሞ በየቀኑ አፍስሱ።

«ብርድም ሙቀትም ለፕላስተር ያው ነው»

ከኮምቦልቻ የወጣ አንዱ ጭነት በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ሌላው ሽቅብ ደሴ ይወጣል። ሆት ሜልት የሚባለው ሙጫ ወዲያው ይይዛል፤ ከተጣለ ወረቀት ተመልሶ በተሠራ ካርቶን ላይም ጎበዝ ነው። ሙቀት ሲበዛ ግን ይለሰልሳል። አክሪሊክ የሚባለው ቀስ ብሎ ይይዛል፤ ፀሐይና ሙቀትን ግን ይችላል። ለቆላው መንገድ እሱን እመርጣለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሁለቱም ይደነድናሉ። ጥቅሉን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ማሳደር ይረዳል።

«ከመስመሩ ሲወጣ ከተዘጋ በቃ»

ሲወጣማ ሁሉም ዝግ ነው። ከየመጠኑ አንድ አንድ ካርቶን ለይታችሁ አሳድሩ። በማግስቱ ፕላስተሩን ላጡት። የወረቀት ቃጫ ይዞ ከተነሳ በደንብ ይዞ ነበር ማለት ነው። ንጹሕ ሆኖ ከተነሳ የዚያን መጠን ጭነት አቁሙት፤ ሮለሩን፣ አሞላሉንና ካርቶኑን በዚህ ቅደም ተከተል አይታችሁ እንደገና አሽጉ።